የማይነሳ ቦክሰር፣ ሊብሬ የሌለው፣ በ38 ሺህ ብር

ባጃጅ ቦክሰር 150 ሞተር ሳይክል ነው። ቀለሙ ጥቁር፣ ወንበሩ የተቀደደ፣ ታርጋው የድሮው የደቡብ ክልል። አይነሳም። ሊብሬም የለውም። ሻጩ 38 ሺህ ብር ይላል። እዚሁ ሐዋሳ ቁልፉ ሲዞር የሚነሳ፣ ሊብሬና ቦሎ ያለው ተመሳሳይ ሞተር 140 ሺህ ተጠይቄበታለሁ። መቶ ሺህ ብር ልዩነት ነው። ይህን ሰምቶ ልቡ ያልከጀለ ሰው ሞተር አላስፈለገውም ማለት ነው።

እኔ አስፈልጎኛል። ሥራዬ የቤት ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ነው። ዛሬ አቶቴ፣ ነገ ቱላ፣ ሲቀናኝ ወንዶ ገነት ድረስ እጠራለሁ። የሽቦ ጥቅል፣ ድሪልና የመሣሪያ ሳጥን ይዞ በባጃጅ መመላለስ (ባለ ሦስት እግሩን ማለቴ ነው) የእጅ ዋጋዬን ይበላዋል። ስለዚህ ሞተሩን እንዲሁ አይቼ አላለፍኩትም። አስፈትሼ፣ ወረቀቱን ጠይቄ፣ ሒሳቡን ሠርቼ ነው የምጽፈው። እንዲህ ዓይነት ሞተር በየከተማው፣ በየጋራዡ ጥግ ግድግዳ ተደግፎ ገዢ ይጠብቃል።

መጀመሪያ ስለ ቦክሰር ራሱ ትንሽ ልበል። ሞተሩ 144.8 ሲሲ ነው። ባለ አራት ማርሽ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ቤንዚኑን በካርብራተር የሚያገኝ። ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለበትም። መንገድ ዳር ያለ መካኒክ በጥቂት መፍቻ ሊፈታው ይችላል። ሁለት ሰውና ጆንያ ጭኖ ኮረኮንች ሲወጣ ማየት ብርቅ አይደለም። መለዋወጫው ትንሽ ከተማ ውስጥም ይገኛል። የማልወድለት ፍሬኑን ነው። ባለ ሸራ ስለሆነ ውሃ ሲገባበት ይለግማል። የፊት መብራቱም ለገጠር ጨለማ አይበቃም። ቢሆንም ለእኔ ዓይነት ሥራ የተሻለ አማራጭ አላየሁም። ችግሩ ከቦክሰር ጋር አይደለም። ከዚህ ቦክሰር ጋር ነው።

ያለው መናኸሪያ አካባቢ፣ አንድ ጋራዥ ግቢ ውስጥ ነው። ሻጩ ወጣት ነው፣ ራሱም መካኒክ። ገና ስጠጋ "አለቃ፣ ካርብራተር ብቻ ነው፤ ታጥቦ ይነሳል" አለኝ። ይህችን ዓረፍተ ነገር የማይነሳ ሞተር የሚሸጥ ሁሉ በቃሉ ያውቃታል። ካርብራተር ማጠብ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ልጁ መካኒክ ነው፣ ቤንዚንና ብሩሽ እጁ ላይ አለ። ታጥቦ የሚነሳ ቢሆን ኖሮ አጥቦ አስነስቶ ከመቶ ሺህ በላይ ይሸጠው አልነበር? ሻጭ "ትንሽ ነገር ናት" ሲል ያቺን ትንሽ ነገር ለምን ራሱ እንዳልሠራት መጠየቅ ነው። ጠየቅኩት። "ጊዜ የለኝም" አለ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ካርታ ሲጫወት ነው ያገኘሁት።

እኔ ሽቦ እንጂ ፒስተን አላውቅም። ስለዚህ የማምነውን ሰው ይዤ ተመለስኩ። ድሮ የግብርና መሥሪያ ቤት ያማሃዎችን ሲጠግኑ የኖሩ፣ አሁን በራሳቸው የሚሠሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። የትራንስፖርትና የሻይ ከፍያለሁ፣ ለምርመራውም እጅ መንሻ ሰጥቻለሁ። በዚህ ጉዳይ ካወጣሁት ብር ሁሉ ያልቆጨኝ ይሄ ነው።

ጋሼ ሞተሩን ለማስነሳት አልሞከሩም። መጀመሪያ የእግር ማስነሻውን በእጃቸው ቀስ አድርገው ተጫኑት። ጨርሶ አልንቀሳቀስ ቢል ፒስተኑ ነክሷል ማለት ነው፣ ያኔ ወደ ቤት እንሄድ ነበር። ምንም ሳይገታው ዝም ብሎ ቢወርድ ደግሞ ውስጡ እምቅ (ፒስተኑ አየሩን የሚጨምቅበት ኃይል) የለውም ማለት ነው። ይሄኛው ይገታል፣ ግን ልፍስፍስ ነው። ካንዴላውን (እሳት የሚሰጠውን) ፈቱ። ጫፉ ጠቁሯል፣ ዘይትም ነክቶታል። ካንዴላውን ከኬብሉ ጋር ሰክተው፣ ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር አስነክተው እኔን ርገጥ አሉኝ። እሳቱ ብልጭ አለ፣ ግን ቢጫና ደካማ ነው። ጤነኛ እሳት ሰማያዊ ሆኖ ጠንከር ብሎ ይዘላል። ስለዚህ እሳቱን የሚያመነጩት ቦቢናው ወይም ሲዲአዩ ተጠርጣሪ ናቸው። እዚህ ላይ እንኳ ሙያዬ ስለሆነ እኔም ሐሳብ ሰጠሁ።

ከዚያ የወደድኩላትን ዘዴ አሳዩኝ። የካንዴላውን ቀዳዳ በአውራ ጣታቸው ደፍነው ርገጥ አሉኝ። አየሩ ጣታቸውን መግፋት ነበረበት፣ ገፋ፣ ግን ደከም ብሎ። ቀጥሎ በቀዳዳው ትንሽ የሞተር ዘይት አፈሰሱበትና ጥቂት አስረግጠውኝ እንደገና ደፈኑት። አሁን ጣታቸውን ወርውሮ አስነሳው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ዘይቱ በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል ያለውን ክፍተት ለጊዜው ይሞላዋል። ዘይት ሲገባበት እምቁ ከተሻሻለ ያለቀው ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ነው። ምንም ካልተለወጠ ግን ወደ ቫልቮላ ማየት ያስፈልጋል። ስለዚህ የኛ በሽታ ፋሻና ሲሊንደር ነው። "ካርብራተር ብቻ" የተባለው ሞተር ኢንጅኑ መውረድ አለበት።

ካርብራተሩም አልተረፈም። ሰልባትዮው ውስጥ የቀረው ነዳጅ ቤንዚን ቤንዚን አይሸትም፣ ቫርኒሽ ቫርኒሽ ነው የሚለው። ለረጅም ጊዜ የቆመ ቤንዚን ቀላል ክፍሉ ይተንና የሚያጣብቅ አተላ ይተዋል። ያ አተላ የካርብራተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ደፍኗቸዋል። የሰልባትዮውን ውስጥ በስልኬ መብራት ሳየው ወለሉ ዝጓል። በጎ ዜናው የሞተር ዘይቱ ነበር። ቆሽሿል፣ ግን የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ አላየንበትም። ወተት የመሰለ ቀለምም የለውም፣ ስለዚህ ውሃ አልገባበትም። የፊት ሹካው ቀጥ ያለ ነው። ሻንሲው ላይ የብየዳ ጠባሳ የለም።

ጋሼ ሒሳቡን ጭቃ ላይ በእንጨት ጻፉት። ሲሊንደርና ፒስተን ከነፋሻው፣ ጓርኒሲዮን፣ ቦቢና፣ ባትሪ፣ ካላማዳሪያ፣ ካቴና ከነጥርሱ፣ የእጅ ዋጋ። 35 ሺህ ደረሰ። "ያልታየ ነገር አይጠፋም፣ 45 ያዝ" አሉ። ከሻጩ 38 ጋር ሲደመር 83 ሺህ። አሁንም ከ140 በጣም ይርቃል። ማሽኑን ብቻ አይቼ ብፈርድ እገዛው ነበር። እንደ ማሽን ከአምስት ሦስት እሰጠዋለሁ። የማይነሳ ሞተር መፍትሔ አለው፣ መፍትሔው ዋጋ አለው፣ ዋጋውም ጭቃ ላይ ይጻፋል። ሰዎች "ቆሞ የከረመ ሞተር አትንካ" ሲሉ እሰማለሁ። አልስማማም። ሰው ይዞ መርምሮ ለገባበት ሰው ከቆመ ሞተር የሚያተርፍበት ጊዜ አለ።

አሁን ወደ ወረቀቱ።

ሻጩ ከመኪና ሊብሬ መያዣ ላስቲክ ውስጥ ሦስት ነገር አወጣ። አንዱ የሊብሬ ፎቶኮፒ ነው፣ በሌላ ሰው ስም። ሁለቱ በእጅ የተጻፉ ውሎች ናቸው፣ ከነምስክሮቹ ፊርማ። ባለ ሊብሬው ለአንዱ ሸጠ፣ ያ ሰው ለሌላ ሸጠ፣ ያኛው ለዚህ ልጅ። ስም ያዞረ የለም። ባለ ሊብሬውስ የት ነው? ደቡብ አፍሪካ። ዋናው ሊብሬስ? "እሱ ጋ ነው። ደውለን ውክልና እናስልካለን፣ ችግር የለውም።"

ችግር አለው። ውክልናው የሚሠራ እንዲሆን ሰውየው ፕሪቶሪያ ያለው ኤምባሲያችን ፊት ቀርቦ መፈረም አለበት። ከዚያ እዚህ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዚያ ውልና ማስረጃ። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ከዓመታት በፊት ሸጦ ብሩን ለበላው ሞተር ነው። ለማያውቀው ሰው። ለምን ብሎ ይደክማል? ሚስት ካለችው ደግሞ የእሷም ስምምነት ይጠየቃል። ሻጩን እፊቴ ደውልለት አልኩት። ስልኩ አይነሳም። እንደ ሞተሩ።

ፋይሉም ሌላ ጣጣ አለው። ታርጋው የደቡብ ክልል ነው፣ ክልሉ ግን የለም። ሲዳማ በ2012 ለብቻው ወጣ፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014፣ የቀረው በ2015 ማዕከላዊ ኢትዮጵያና ደቡብ ኢትዮጵያ ተብሎ ተከፈለ። ፎቶኮፒው ላይ ያለው ምዝገባ የሆሳዕና ነው። ያ ማለት ሐዋሳ ላይ ሞተሩን አስመርምሬ ስም አዞራለሁ ብል ማኅደሩ ከሌላ ክልል መምጣት አለበት። ሊብሬው በእጅ ያለ ሰው ይህን ይወጣዋል፣ ጊዜና ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። ፎቶኮፒ የያዘ ሰው ግን መስኮቱ ላይ ምን ብሎ ይጀምራል?

ሊብሬ ያጣ ሞተር ሁሉ አንድ አይደለም። ይሄን ነው ብዙ ሰው የማይለየው። ዝም ብሎ ጠፍቶ ከሆነ ቀላሉ ነው፣ ባለቤቱ ለፖሊስ አመልክቶ ምትክ ያወጣል፣ ገዢ ይጠብቃል። ለብድር ተይዞ ከሆነ ሊብሬው አበዳሪው ካዝና ውስጥ ነው፣ ዕዳው እስኪዘጋ እገዳ አለበት። ከቀረጥ ነፃ ለእርዳታ ሥራ የገባ ሞተር ደግሞ ቀረጡ ሳይከፈል ለግለሰብ አይዞርም። በኮንትሮባንድ የገባ ከሆነ ከመጀመሪያውም ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ወረቀት) የለውም፣ ስለዚህ የሚጠፋ ሊብሬ አልነበረውም። የተሰረቀ ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ የመጣ ቀን በቅንነት ገዝቼ ነው ብትልም ታስረክባለህ። ከሩብ በትንሹ ከፍ በሚል ዋጋ፣ ያለ ወረቀት ገዝተህ "አላወቅኩም" ስትል የሚሰማህ መርማሪ ማግኘትህንም እንጃ። አምስቱም ጋራዥ ጥግ ቆመው ስታያቸው አንድ ዓይነት ናቸው። ሻጩ ለሁሉም የሚለው ደግሞ "ሊብሬው አለ፣ ይመጣል" ነው።

ይህኛው የትኛው ነው? ለማወቅ ቁጥሩን አየን። የቦክሰር የሻንሲ ቁጥር መሪው አንገት ላይ ተመትቷል። 17 ፊደልና አኃዝ ነው። ባጃጅ ኩባንያ ሕንድ ውስጥ የሚሠራቸው በኤም ዲ 2 ይጀምራሉ። አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደሎች ደግሞ ቁጥሩ ውስጥ አይገቡም፣ ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ። ካየሃቸው ተጠራጠር። ጋሼ ቅባቱን በጨርቅ ጠረጉት። መሥመሩ ቀጥ ያለ ነው፣ የተፋቀ ነገር የለም፣ ፊደሎቹ እኩል ጠልቀዋል። ከፎቶኮፒው ጋር ገጠመ። እኔ ደስ አለኝ።

ቀጥሎ የሞተር ቁጥሩ (የኢንጅኑን ማለቴ ነው)። እሱ ታች ሞተሩ ላይ ነው፣ ጭቃውን በካቻቢቴ ፍቀን አገኘነው። እሱም አልተፋቀም፣ ኦሪጅናል ነው። ግን ከፎቶኮፒው ጋር አይገጥምም። የአንድ አኃዝ ስህተት ቢሆን የጸሐፊ ነው እል ነበር። ጨርሶ ሌላ ቁጥር ነው። ጋሼ አንዴ ለራሳቸው፣ አንዴ ለእኔ ጮክ ብለው አነበቡት። መፍቻቸውንም መሰብሰብ ጀመሩ።

ልጁ አልደነገጠም። "የዱሮው ተቃጥሎ ነው። ከተጋጨ ቦክሰር ላይ ገዝቼ ገጠምኩት" አለ። ሊሆን ይችላል። ኢንጅን መቀየር ወንጀል አይደለም፣ በወረቀት ይደረጋል፣ ተመርምሮ ሊብሬው ላይ ይስተካከላል። የተገዛበት ደረሰኝ አለ? የለም። ያ የተጋጨው ሞተርስ የማን ነበር? "አንድ ልጅ።" ስለዚህ እኔ የምገዛው አንድ ወረቀት የሌለው ሞተር አይደለም፣ ሁለት ነው። ሻንሲው ደቡብ አፍሪካ ያለ ሰው ስም ላይ ነው። ኢንጅኑ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ተአምር ተፈጥሮ ዋናው ሊብሬ ቢመጣ እንኳ ምርመራ ላይ ቁጥሩ ሲታይ ይቆማል።

ሻጩ የመጨረሻዋን ካርድ መዘዘ። "አለቃ፣ ገጠር ለገጠር ንዳው። ማን ይጠይቅሃል?" ይህን የሚል ብዙ ነው፣ የሚያደርገውም ብዙ ነው። በ2011 ሰኔ 30 አዲስ አበባ ሞተር ሳይክል ካለ ልዩ ፈቃድ እንዳይነዳ ስትከለክል የማውቃቸው ልጆች ከዚያ በርካሽ ሞተር አምጥተዋል፣ በእጅ ውል። ከእነሱ አንዱ ሞተሩን ለመጨረሻ ጊዜ ያየው ፖሊስ ጊቢ አጥር ውስጥ ነው፣ ጎማው ተንፍሶ። ሄዶ አላስለቀቀም፣ ምን ይዞ ይሄዳል?

እኔን ግን ከፖሊሱ ይልቅ መድኑ ነው የሚያሳስበኝ። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጁ፣ ቁጥር 799/2005፣ ያለ መድን ተሽከርካሪ መንዳት ይከለክላል። ያለ ሊብሬ መድን የለም። መድን በሌለው ሞተር ቱላ መንገድ ላይ አንድ ልጅ ዘሎ ቢገባብኝ የሕክምናው፣ የካሣው፣ የሽምግልናው ሁሉ ከእኔ ኪስ ነው። ኪሴን ደግሞ አውቀዋለሁ። ቤንዚንም አለ። ማደያው ወረቀት ሊጠይቅ ይችላል። ወረቀት የሌለው ሰው በሃይላንድ ከመንገድ ዳር ይገዛል፣ ዋጋው ሌላ፣ ጥራቱን የሚያውቀው ቀጂው ብቻ። 83 ሺህ ያልኩት ሒሳብ ውስጥ እነዚህ አንዳቸውም የሉም። ጭቃ ላይም አይጻፉም፣ ስንት ብለህ ትጽፋቸዋለህ?

እንደ ወረቀት ከአምስት ዜሮ።

በዚህ ብር ዙሪያ ላላችሁ፣ ተመሳሳይ የቆመ ሞተር በጨረታም ይገኛል። መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች አሮጌ ሞተራቸውን "ባለበት ሁኔታ" ብለው ይሸጣሉ። ማስታወቂያው አዲስ ዘመን ላይ፣ ሪፖርተር ላይ፣ አንዳንዴ የቢሮው በር ላይ ይወጣል። ሰነድ ትገዛለህ፣ በሲፒኦ (በባንክ የክፍያ ማዘዣ) ታስይዛለህ፣ ሄደህ ታያለህ። ማስነሳት ላይፈቀድልህ ይችላል፣ ግን የጋሼን አውራ ጣት የሚከለክል የለም፣ ከለመንካቸው። ዋጋው ከ38 ሺህ ይበልጣል። ብዙዎቹ ከዚህ ቦክሰር የባሱ ናቸው። ግን ሻጩ ማኅተም አለው፣ ቀረጡ በማን እንደሚከፈልና ስም ማዞሪያው እንዴት እንደሆነ ሰነዱ ላይ ማንበብ ይቻላል። ሞቶ ወረቀቱ የተሟላ ሞተር እገዛለሁ። እየጮኸ የሚነሳ ወረቀት የሌለው ሞተር አልገዛም። እኔ አሁን የምከታተለው እነዚህን ማስታወቂያዎች ነው።

ከልጁ ግን ዝም ብዬ አልተለየሁም፣ ዋጋ ሰጠሁት። ቁጥር የሌለባቸውን ዕቃዎች ብቻ፣ ማለትም ጎማዎቹን ከነቸርኬው፣ የፊት ሹካውን፣ ማርሚታውንና መብራቶቹን፣ በ12 ሺህ። ሻንሲውና ሞተሩ ይቅርብኝ። ጎረቤቴ የራሱ ቦክሰር ስላለው ይካፈለኝ ነበር። ጎማዎቹ ጥርሳቸው ገና ነው፣ ማርሚታው ኦሪጅናል ነው። ልጁ ሳቀብኝ። መለዋወጫ ፈልጋችሁ የምትሄዱ ካላችሁ እነዚህን ጠይቁት፣ ሰልባትዮውን ግን በነፃም አትውሰዱ።

በሌላ ቀን ራሱ ደወለልኝ። "አለቃ፣ 30 ሺህ ላድርግልህ" አለ። የሞተሩ ወረቀት ተገኘ ወይ አልኩት።

"28" አለኝ።